የተጋጨች ቮልስ መሪ፦ ከልኬት እስከ መንገድ ሙከራ

ተጋጭታ ጋራዥ የገባች ቮልስ ፊት ቆሞ ብዙ መካኒክ የሚለው አንድ ነው፦ «ፓራፋንጎዋን እንቀጠቅጥና መሪዋን አላይመንት እናስመታታለን።» ስለ ላሜራው ልክ ነው። ስለ መሪው ግን አይደለም። በቮልስ የፊት እግር ላይ አላይመንት የሚነካው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የሁለቱን ጎማዎች ፊት ለፊት አተያይ (ቶ-ኢን) እና ጎማው ወደ ላይ ሲቆም ያለውን ዘመም (ካምበር)። የተጣመመው አክስሉ፣ ብራቾው (አክስሉን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ወይም ስፒንድሉ (ጎማው የሚሽከረከርበት ዘንግ) ከሆነ ታይሮዱን (ጎማውን ገፍቶ የሚያዞረውን ዘንግ) አሽከርክሮ ቁጥሩን ማሳመር ይቻላል፤ ብረቱ ግን እንደተጣመመ ይቀራል። እንዲህ የተሠራች መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ደህና ትመስላለች። ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ትስባለች፤ በአንድ በኩል ጠበብ አድርጋ ስትዞር በሌላው በኩል ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች፤ አዲስ ጎማም ቶሎ ትጨርሳለች።

ስለዚህ እዚህ የምንሄድበት ቅደም ተከተል መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ የተጎዳውን መቀየር ነው። ማስተካከያዎቹን የምንነካው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

የትኛዋ ቮልስ?

ይህ ጽሑፍ ከ1966 ሞዴል ወዲህ ስላሉት (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፣ ባለ ሁለት ቱቦ አክስልና ባለ ቦል ጆይንት ቮልሶች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከምናያቸው ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። ከዚያ በፊት የነበሩት ባለ ኪንግ ፒን (ጎማው በቁም ፒን ላይ የሚታጠፍባቸው) ናቸው፤ ቱቦው፣ የመሪ ሳጥኑና ታይሮዱ በአሠራር ይመሳሰላሉ፣ የጎማው አያያዝ ግን ይለያል። ለመለየት ጎማው ጀርባ ጎንበስ ብለው ይዩ፤ ከላይና ከታች የላስቲክ ቆብ ያደረጉ ሁለት ኳሶች ካሉ ቦል ጆይንት ነው። የቸርኬ ቡሎን ብዛት አያታልልዎ፤ ባለ አምስት ቡሎን እስከ 1967 ሞዴል ድረስ ስለቀጠለ ባለ አምስት ሆና ባለ ቦል ጆይንት የሆነች አለች።

1302 እና 1303 የሚባሉት የፊት አክስል ቱቦ የላቸውም፤ በአሞርዛተር ምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው። ኮፈኑ ሲከፈት ተጠባባቂ ጎማው ወለሉ ላይ ተጋድሞ ካገኙት መኪናዎ ከነዚህ ናት፣ እዚህ ያለው አብዛኛው ልኬትም አይመለከታትም።

ኃይሉ የት ይሄዳል?

መሪውን ስናዞር እንቅስቃሴው በኮለኑ (በመሪው ዘንግ) ወርዶ በአንድ ላስቲክ ዲስክ በኩል ወደ መሪ ሳጥኑ ይገባል። ሳጥኑ በግራ በኩል የላይኛው ቱቦ ላይ ታቅፎ የታሰረ ነው። ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ሁለት ታይሮዶችን ይገፋል፤ አጭሩ ወደ ግራ ጎማ፣ ረጅሙ ወደ ቀኝ ጎማ። የመንገዱን ንዝረት የሚያበርድ አንድ ትንሽ የመሪ አሞርዛተርም አለ።

ግጭት ይህን መንገድ ተገላቢጦሽ ይሄድበታል። ጎማው ከጎን ከተመታ፣ ወይም መኪናዋ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በፍጥነት ከወጣች፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታጠፈው ታይሮዱ ነው። ምቱ ከበረታ ስፒንድሉና ብራቾዎቹ ይከተላሉ፣ ከዚያ አክስሉ። ፊት ለፊት ግጭት ሲሆን ደግሞ ፓራውልቱና ተጠባባቂ ጎማው የሚችሉትን ከበሉ በኋላ ቀሪው አክስሉ ላይ፣ ከዚያም አክስሉ የታሰረበት የሻንሲ ግንባር ላይ ያርፋል። (የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚረጨው በዚያው ተጠባባቂ ጎማ ነፋስ ስለሆነ፣ ከግጭት በኋላ ውሃ እምቢ ያለች ቮልስ ጎማው መተንፈሱን እየነገረችዎት ሊሆን ይችላል።)

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት

የኢንሹራንስ ጉዳይ ካለ ገምጋሚው ሳያያት አንድ ቡሎን አይፍቱ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር ፎቶ ያንሱ።

በቮልስ የቤንዚን ታንኩ ከፊት፣ ልክ ከአክስሉ በላይ ነው፤ 40 ሊትር ገደማ ይይዛል። የቤንዚን ሽታ ካለ ሌላው ሁሉ ይቆይና ታንኩ ይውረድ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ ኔጌቲቩን ይፍቱ። ሲጋራም፣ ብየዳም፣ መፍጫም በዚህ ቦታ አይገቡም።

የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ፣ በክሪክ ያንሱ፣ ከዚያ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ያሳርፉ። አክስሉ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ ካቫሌቶው ከአክስሉ ሥር ሳይሆን ከኋላው፣ ጤነኛ ከሆነ የሻንሲ ክፍል ሥር ይግባ። ከጎን ባሉት የመኪናዋ የክሪክ ማስገቢያዎች ብቻ ተነስታ ከሥሯ መግባት ለዕድሜ ጠገብ ቮልስ የሚታሰብ አይደለም። ማስገቢያዎቹ ከውስጥ ዝገው ከላይ ቀለም የተቀቡ ናቸው።

ልኬቱ

ከሥራው ሁሉ ብዙ የሚያተርፈው ይህ ክፍል ነው፤ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። የሚያስፈልገው ቱምቢ፣ ጠመኔ፣ ሜትርና አንድ ቀጥ ያለ ረጅም አንግል ብረት ብቻ ነው።

መኪናዋ ደልዳላ ወለል ላይ በጎማዋ ትቁም፣ መሪው ቀጥ ይበል። ከእያንዳንዱ ጎማ መሐል ቱምቢ ጥለው ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። አሁን በግራ በኩል ከፊት ምልክት እስከ ኋላ ምልክት ይለኩ፤ በቀኝም እንዲሁ። ፋብሪካው ያስቀመጠው 2400 ሚሊ ሜትር ነው። ከፋብሪካው ቁጥር ይልቅ የግራና የቀኙ መተካከል ይበልጣል። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ እኔ እንደ ጉዳት ነው የምቆጥረው። ከዚያ ማዕዘን ለማዕዘን፤ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ። ጎኖቹ እኩል ሆነው ማዕዘኖቹ ከተለያዩ አክስሉ ወደ ጎን ሸሽቷል ማለት ነው። አንዱ ጎን ብቻ ካጠረ ብራቾው ታጥፏል፣ ወይም አክስሉ በአንድ በኩል ወደ ኋላ ተገፍቷል።

ቀጥሎ አክስሉ ራሱ። አንግል ብረቱን በላይኛው ቱቦ ላይ፣ ከዚያ በታችኛው ላይ ያጋድሙ። በመሐል ብርሃን ካሳየ ቱቦው ጎብጧል። ሁለቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን እኩል ርቀት መጠበቅ አለባቸው፤ በሁለቱም ጫፍና መሐል ላይ ይለኩ። አሞርዛተሩ የሚታሰርባቸውን ቋሚ ብረቶች ይዩ። ቀለም የተሰነጠቀበት፣ ዝገት እንደ ቅርፊት የተላጠበት፣ ላሜራ የተጨማደደበት ቦታ ሁሉ ብረቱ የተንቀሳቀሰበት ቦታ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ያሉትን የላይና የታች ብራቾዎች ከፊት ለፊት ቆመው ያስተያዩ፤ አንዱ ከሌላው ካልተመሳሰለ ጥፋቱ እሱ ጋ ነው።

የሻንሲው ግንባር፣ ማለትም አክስሉ በአራት ቡሎኖች የሚታሰርበት ክፍል፣ ታጥፎ ወይም ስፌቱ ተከፍቶ ካገኙት እዚህ ላይ ያቁሙ። ያ ሻንሲውን በመለኪያ ፍሬም ላይ አስሮ የሚያቃና ባለሙያ ሥራ ነው። ጠማማ ግንባር ላይ አዲስ አክስል ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

አንድ ሌላ ምልክት ከውስጥ አለ። በመሪው እምብርትና በፍሬቻ ማብሪያው መሐል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖራል። ከግጭቱ በኋላ ሁለቱ መፋተግ ከጀመሩ፣ ወይም ክፍተቱ ከወትሮው ከሰፋ፣ ኮለኑ ከቦታው ተንቀሳቅሷል።

ጎማው ተነስቶ የሚደረግ ምርመራ

ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘው ያወዛውዙት። ልቅ ካለ ቴስቲናው (የታይሮዱ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ) ወይም የመሪ ሳጥኑ ነው። ከላይና ከታች ይዘው ሲያወዛውዙ ልቅ ካለ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው።

ጎማውን ያሽከርክሩት፤ አንድ ብረት አጠገቡ አቁመው ቸርኬው የሚወላገድ መሆኑን ይዩ። ቸርኬው ራሱ ቀጥ ብሎ ግን ታምቡሩ ከነቸርኬው የሚወዛወዝ ከሆነ ጥፋቱ ታምቡሩ ወይም ኩሽኔታው ነው።

መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ፤ 2.6 ዙር ገደማ ነው። ከመሐል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል መሆን አለበት። በመሐል የሚከብድ፣ የሚይዝና የሚለቅ ቦታ ካለ የሳጥኑ ውስጥ ዘንግ ተጎድቷል። በማስተካከያ ቡሎኑ አላልቶ ማለፍ አይቻልም፤ ሳጥኑ ይቀየራል።

የሚቀየርና የማይቃና

ታይሮድ፣ የመሪ ሳጥን ክንድ፣ ስፒንድል፣ ብራቾና ቦል ጆይንት አይቃኑም። በእሳትም፣ በፕሬስም፣ በመዶሻም። ታይሮዱን አቃንቶ መመለስ ለእጅ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጋራዥ ያደርገዋል። የታጠፈ ብረት ግን ሲመለስ በታጠፈበት ቦታ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይዞ ሊመለስ ይችላል፣ እሳት ደግሞ ጥንካሬውን ይወስዳል። የሚሰበረው ጋራዡ ውስጥ አይደለም፤ ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ነው።

አክስሉ ከጎበጠ ቀጥ ያለ ያገለገለ አክስል መፈለግ ይሻላል። ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር) ሲሄዱ አንግል ብረትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ይስቅብዎት ይሆናል፣ ይሳቅ። ባለ ቦል ጆይንት መሆኑን፣ የታችኛው ቱቦ ከሥሩ በዝገት አለመበላቱን፣ መሐሉ ላይ የብየዳ ምልክት አለመኖሩን ያረጋግጡ። መኪናቸውን ዝቅ ለማድረግ አክስሉን ቆርጠው ያሳጠሩ ሰዎች አሉ፤ እሱን በስህተት እንዳይገዙ ርዝመቱን ከራስዎ ጋር ያስተያዩ።

ታይሮዱን መቀየር

ጉዳቱ ታይሮድ ላይ ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው። ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፈውን ሽቦ) ያውጡ፣ ዳዶውን ያላሉ፣ ግን ጨርሰው አያውጡ። ቴስቲናው ወደ ጫፉ እየቀጠነ በሚሄድ ቀዳዳ ውስጥ ተነክሮ ስለሚይዝ በመንቀያ ይላቀቃል። መንቀያ ከሌለ ቴስቲናው የገባበትን ክንድ ዓይን በአንድ በኩል በከባድ መዶሻ ደግፈው በሌላ በኩል መምታት ነው። ከሥር ጥርሱን መቀጥቀጥ ግን ጥርሱንም ክንዱንም ያበላሻል።

የታይሮዱ አንዱ ጫፍ የቀኝ ጥርስ፣ ሌላው የግራ ጥርስ ነው፤ ርዝመቱ የሚስተካከለውም በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌው ካልታጠፈ በሁለቱ ኳሶች መሐል ያለውን ርዝመት ለክተው አዲሱን በዚያው ያዘጋጁ። ከታጠፈ ርዝመቱ አይረባም፤ አላይመንት ላይ ከዜሮ ይጀምራሉ። ዳዶው በ30 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ትንሽ ጨምረው ያጥብቁ እንጂ መልሰው አያላሉ። ኮፒሊያ ሁሌም አዲስ ይሁን፤ ምስማር አጥፎ ማስገባት እንደ ጥገና አይቆጠርም።

አክስሉን ማውረድ

ታንኩ ይወርዳል፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹ ይፈታሉ። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚበላ ጨርቅ ይኑርዎት። የግራ ጎማው ቆብ ላይ የፍጥነት መለኪያው ገመድ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ወጥታ ገመዱ ወደ ኋላ ይሳባል። እግረ መንገድዎን፣ የግራ ስፒንድል ዳዶ ጥርሱ ግራ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው እየፈታሁ ነው ብሎ ሲያጠብቀው ይውላል።

ላስቲክ ዲስኩን ከሳጥኑ በኩል ይፍቱ። የክላክሱ ሽቦ በዚያው ያልፋል፤ የት እንደታሰረ ፎቶ ያንሱ፣ አለበለዚያ ሥራው ሲያልቅ ክላክስ የለም። ከላይ ቦዲውን ከአክስሉ ጋር የሚይዙት ሁለት ቡሎኖች ታንኩ ከወረደ በኋላ ይገኛሉ። ከዚያ ክሪክ ከሥሩ ደግፈው አራቱን የሻንሲ ቡሎኖች በ19 ቁልፍ ይፍቱ። አክስሉ ከነታምቡሩ ከባድ ነው፤ ብቻዎን አይሞክሩት።

የመሪ ሳጥኑን ወደ አዲሱ አክስል ሲያዛውሩ ቱቦው ላይ ያለው የቦታ ምልክት ላይ በትክክል ይቀመጥ። ቦታውን የሳተ ሳጥን የታይሮዶቹን ማዕዘን ስለሚያዛባ፣ መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር መሪው በራሱ ይዞራል። ይህ ዓይነት ሕመም በአላይመንት ማሽን ላይ አይታይም።

ሲመልሱ በአክስሉና በቦዲው መሐል ያሉትን ላስቲኮች አይርሱ። አራቱ ቡሎኖች በአዲስ ሮንዴላ በ50 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ። የሻንሲው ጥርስ ከተበላ በመጠገኛ ጥርስ ይታደስ፤ ወፍራም ቡሎን በጉልበት አይግባበት።

ኮለን

ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ኮለኑ በግጭት ጊዜ እንዲጨማደድ ሆኖ ተሠርቷል፤ መሪው የነጂውን ደረት እንዳይወጋ። አንዴ ከተጨማደደ ሥራውን ጨርሷል፣ ይቀየር እንጂ አይሳብ። ከዚያ በፊት ያሉት ወጥ ዘንግ ናቸው። ላስቲክ ዲስኩ የተሰነጠቀ ወይም ቡሎን ቀዳዳው የሰፋ ከሆነ አዲስ ያስገቡ፤ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም «መሪው ልቅ ነው» የሚባለው ነገር መነሻው እሱ ነው።

የሳጥኑ ልቅነት

አሁን ብቻ፣ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሲሆን፣ ሳጥኑ ይነካል። ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው፣ መሪው ከመሐል ሩብ ዙር ወደ አንድ ጎን ዞሮ። በሳጥኑ ክዳን ላይ ያለውን ማስተካከያ ቡሎን የሚይዘውን ዳዶ ያላሉ፣ ቡሎኑን አንድ ዙር ይመልሱ፣ ከዚያ እስኪነካ ድረስ ቀስ ብለው ያስገቡ፣ ይዘውት ዳዶውን ያጥብቁ። በሁለቱም ጎን ይሞክሩ። መሪው ጠርዝ ላይ ያለው ባዶ ጉዞ ከ15 ሚሊ ሜትር ካላለፈ ደህና ነው። ባዶ ጉዞውን ጨርሶ ለማጥፋት መታገል ሳጥኑን ያስበላል፤ ከተዞረ በኋላ በራሱ የማይመለስ መሪ ከልክ በላይ የተጠበቀ መሪ ነው።

አላይመንት፣ በመጨረሻ

ሳጥኑ መሐል ላይ ይሁን፤ ከዳር እስከ ዳር ቆጥረው ግማሹን ይያዙ። መሪው በዚያ ቦታ ጠማማ ሆኖ ከተቀመጠ መሪውን ነቅሎ ማስተካከል እንጂ በታይሮድ ማቃናት አይገባም፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ነው ሳጥኑን ከመሐሉ የሚያወጡት። በጎማዎቹ ፊትና ጀርባ፣ በመሐል ቁመታቸው፣ ከአንዱ ቸርኬ ጠርዝ እስከ ሌላው ይለኩ፤ ፊት ላይ ያለው ልኬት ከኋላው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሁን። ሁለቱን ታይሮዶች እኩል እኩል ያዙሩ። ይህ ወደ አላይመንት ቤቱ ለመንዳት ይበቃል።

አላይመንት ቤቱ «ተስተካክሏል» ብሎ እንዲሸኝዎ አይፍቀዱ፤ ቁጥሩን ይጠይቁ። ካምበር ወደ 30 ደቂቃ (ግማሽ ዲግሪ) ፖዘቲቭ ነው፣ 20 ደቂቃ ወዲህና ወዲያ ይፈቀዳል። የሚስተካከለው በላይኛው ቦል ጆይንት ላይ ባለው ከመሐል የወጣ ቀለበት ነው፤ ሲጀመር ምልክቱ ወደ ፊት ይመለከታል። ካስተር (ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያለው ዘመም) 3 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ማስተካከያ የለውም፤ ስለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የግራና የቀኙ ካስተር በጣም ከተለያየ ያልታየ የታጠፈ ብረት አሁንም አለ።

የጎማ ነፋስንም አብረው ይዩ። ጎሚስታው ሁሉንም በ30 ይሞላልዎታል። ሞተሯ ከኋላ የሆነች ቀላል መኪና ግን ከፊት 16 እስከ 18፣ ከኋላ 24 እስከ 27 ፒ ኤስ አይ ነው የምትፈልገው። የፊቱ ከልክ በላይ ከተነፋ የተጠገነውም መሪ ይቅበዘበዛል፣ ሰውም ሥራውን ይጠራጠራል።

መንገድ

የፍሬን ቱቦ ተፈትቶ ከነበረ አየሩ ይውጣ፤ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ፔዳሉ ጠንካራ ሳይሆን ከጋራዥ አይወጣም።

ጭር ያለ ደልዳላ መንገድ ላይ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጀምሩ። ፍሬን ይያዙ፤ ትስባለች? ወደ ግራ ዙረው እጅዎን ያላሉ፣ መሪው ይመለሳል? ወደ ቀኝስ? ከዚያ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። በተወሰነ ፍጥነት ላይ መሪው በእጅዎ ውስጥ መንቀጥቀጥ ከጀመረ የጎማ ባላንስን፣ የመሪ አሞርዛተሩንና የኩሽኔታውን መጥበቅ በዚህ ቅደም ተከተል ይዩ።

ከመውጣትዎ በፊት በፈቱት ዳዶና ቡሎን ሁሉ ላይ፣ ከዳዶው እስከ ተቀመጠበት ብረት የሚያልፍ የቀለም መስመር ያድርጉ። ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ከሥር ገብተው ይዩት፤ መስመሩ የተቆረጠበት ዳዶ ተንቀሳቅሷል። የፊት ጎማዎቹን ጥርስ ደግሞ በመዳፍዎ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዳብሱ፤ በአንድ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው የሚቧጥጥ ከሆነ ቶ-ኢኑ አሁንም አልተያዘም።